ጠባቂ እርሾ ለዶሮ ሥጋ፦ ምርጫው፣ ልኩና አረጫጨቱ

እንጀራም እርጎም ያለ እርሾ አይሆኑም። በዶሮ ሥጋ ላይ የሚረጨው ጠቃሚ ባክቴሪያም የዚያው ወገን ነው፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ሥጋው እንዲቦካ ሳይሆን በሽታ አምጪው ከመባዛቱ በፊት ቦታው እንዲያዝበት ነው። በሥጋ ገጽ ላይ ያለው ስኳር፣ ማዕድንና ቦታ የተወሰነ ነው። እርሾው ቀድሞ ከደረሰና በቁጥር ከበለጠ መሶቡን ጠርጎ ይበላል፤ የባክቴሪያው ጠቅላላ ብዛት ጣሪያ ሲነካም በጥቂቱ የነበረው ሊስቴሪያ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ እድገቱን አብሮ ያቆማል። በዚያ ላይ እርሾው ላክቲክ አሲድ ያመርታል። አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ ባክቴሪዮሲን የተባለ፣ ሌላ ባክቴሪያ የሚገድል ፕሮቲን ያወጣል።

እርሾው የሚያሸንፈው በቁጥር ስለሆነ በቆሸሸ ሥጋ ላይ መርጨት ብር መድፋት ነው። አንጀቱ ፈንድቶ የተበከለ ዶሮ ላይ የሚገጥመው ጠላት ከራሱ የማይተናነስ ነው። ንጽህናው፣ ቅዝቃዜውና ማብሰሉ እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ እርሾው በእነሱ ላይ ይደረባል።

መጀመሪያ ጠላቱን ለዩ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በዶሮ ሥጋ ላይ የሚፈሩት ሦስቱ ባክቴሪያዎች ጠባያቸው ለየቅል ነው፤ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው አይሠራም።

ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጀነስ ፍሪጅ ውስጥ ያድጋል። 4 ዲግሪ ላይ፣ 0 ዲግሪ አጠገብ እንኳን፣ ቀስ እያለ ይባዛል። ስለዚህ እርሾ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱን ለመከላከል ነው፤ በተለይም በስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ተቆራርጦ በሚታሸግ፣ ሳይሞቅ በሚበላ ዶሮ ላይ።

ሳልሞኔላ ከ5 ዲግሪ በታች አያድግም። ሥጋችሁ ከማረጃ እስከ ደንበኛ 4 ዲግሪ ላይ ከቆየ እርሾው የሚከለክለው እድገት የለም። ጥቅሙ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ወይም የመኪናው ማቀዝቀዣ ሲደክም፣ ሥጋው 10 ወይም 15 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ነው። ያኔ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያው ቀድሞ ይፈጥንና ሳልሞኔላውን ይዞ ያቆየዋል። ሥጋውን ያኮመጥጠዋል፤ ይህም በፋሲካ ዋዜማ ፍሪጁ መቼ እንደቆመ ለማያውቅ ሻጭ ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል።

ካምፒሎባክተር ከ30 ዲግሪ በታች ጭራሽ አይባዛም። ሥጋው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሰውን ለማሳመም ደግሞ ጥቂት መቶ ሕዋስ ይበቃዋል። የማይባዛን ነገር ምግብ በመቀማት ማሸነፍ አይቻልም። እሱ የሚቀነሰው በእርባታው ጥንቃቄ፣ በእርዱ ንጽህና፣ በረዶ እስኪሆን በማቀዝቀዝና በማብሰል ነው። የእርሾ ነጋዴ «ሦስቱንም ያጠፋል» ካላችሁ ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ በየትኛው የሙቀት መጠን፣ በስንት ቀን፣ በምን ያህል እንደቀነሰ የሚያሳይ የሙከራ ሰንጠረዥ ጠይቁ።

ባክቴሪዮሲንም እንዲሁ ወሰን አለው። ከሁሉ የታወቀው ኒሲን በምግብ መለያ ላይ ኢ234 ተብሎ የሚጻፈው ነው። ሊስቴሪያን ይወጋል፤ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ግን ተጨማሪ ውጫዊ ሽፋን ስላላቸው ብቻውን አይደፍራቸውም።

የትኛው እርሾ?

በቅድሚያ እርጎውን ከሐሳባችሁ አውጡት። የፋብሪካ እርጎ የሚሠሩት ሁለቱ ባክቴሪያዎች፣ ስትሬፕቶኮከስ ተርሞፊለስና ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ፣ የሚወዱት 42 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች አያድጉም። ፍሪጅ ውስጥ ባለ ሥጋ ላይ ተኝተው ይከርማሉ። የቤት እርጎ ደግሞ ውስጡ ማን እንዳለ ሳይታወቅ በዘፈቀደ የሚቦካ ስለሆነ ለሽያጭ በሚቀርብ ሥጋ ላይ አይታሰብም። ዶሮን በእርጎ ዘፍዝፎ ወዲያው መጥበስ የምግብ አሠራር ነው፤ ከጥበቃ ጋር አይምታታ።

በቀዝቃዛ ሥጋ ላይ የሚሠሩት ከሥጋው ዓለም የመጡት ናቸው፤ ላክቶባሲለስ ሳኬይ፣ ላክቶባሲለስ ከርቫተስ፣ ሊዩኮኖስቶክ ካርኖሰም፣ አንዳንድ የካርኖባክቴሪየም ዝርያዎች። እነዚህ 4 ዲግሪ ላይ ያድጋሉ። ፔዲዮኮከስ አሲዲላክቲሲ ሙቀት ስለሚወድ ለሚቦካ ቋሊማ ይመረጣል። ሳኬይና ከርቫተስ በአዲሱ አሰያየም ላቲላክቶባሲለስ ተብለው ስለሚጻፉ በማሸጊያው ላይ ስሙ ተለውጦ ብታዩ አትደናገሩ።

የዝርያው ስም ብቻ አይበቃም፤ የግለሰብ ዝርያው መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። አንዱ ሳኬይ ባክቴሪዮሲን ሲያወጣ ሌላው ላያወጣ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ተቀበሉ፦

- በአንድ ግራም የእርሾ ዱቄት ውስጥ ያለው የሕያው ሕዋስ ቁጥር፣ እስከ መጠቀሚያው የመጨረሻ ቀን የተረጋገጠ።
- በ4፣ በ8 እና በ12 ዲግሪ ላይ የሚያድግ መሆን አለመሆኑ።
- ወደ ሌላ ባክቴሪያ ሊተላለፍ የሚችል የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ዘረመል እንደሌለው።
- ታይራሚንና ሂስታሚን የተባሉትን፣ ሲበዙ ሰውን የሚያሳምሙ ንጥረ ነገሮች የማያመርት መሆኑ። ከርቫተስና ካርኖባክቴሪየም ውስጥ ታይራሚን የሚያመርቱ ብዙ ስላሉ ጥያቄው የወግ አይደለም።
- የማስቀመጫ ሙቀቱ፤ በደረቅ የታሸጉት አብዛኞቹ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይፈልጋሉ።

ኤንቴሮኮከስ ርካሽና ጠንካራ ባክቴሪያ ነው፤ ሊስቴሪያንም ይገድላል። ሆኖም የአንቲባዮቲክ መቋቋም ስለሚያስተላልፍና አንዳንዱም በሽታ ስለሚያመጣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በቅድሚያ ደኅንነታቸው የታመነ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። ከሌላው ጋር እኩል ዋጋ ቢቀርብላችሁ እንኳን ይቅርባችሁ። እርሾው በምትሸጡበት ሀገር ለሥጋ የተፈቀደ መሆኑንና በመለያው ላይ እንዴት መጻፍ እንዳለበትም አስቀድማችሁ ከምግብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አጣሩ።

ልኩን ማስላት

መነሻው በአንድ ግራም ሥጋ 1 ሚሊዮን ሕያው ሕዋስ ነው። በሳሳ ለተቆረጠ የበሰለ ዶሮ እስከ 10 ሚሊዮን ይወጣል። ከ100 ሺህ በታች ከሆነ ሥጋው ላይ አስቀድሞ ያለው ባክቴሪያ ይቀድመዋል። 10 ሚሊዮንን ሲያልፍ ደግሞ ሥጋው ቶሎ ይኮመጥጣል።

100 ኪሎ የዶሮ ደረት ይዛችኋል እንበል። 100 ሺህ ግራም በ1 ሚሊዮን ሲባዛ 100 ቢሊዮን ሕዋስ ይሆናል። የገዛችሁት ዱቄት በግራም 100 ቢሊዮን ካለው በወረቀት ላይ 1 ግራም ይበቃል። የሚረጨው ፈሳሽ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለ100 ኪሎ 1 ሊትር ይዘጋጃል።

ወረቀቱ ግን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው የሚንጠባጠበው ነው። አሥር ቁራጭ ደረት መዝኑ፣ እርጩ፣ ለአንድ ደቂቃ ሽቦ ላይ አንጠልጥሉ፣ እንደገና መዝኑ። በኪሎ 10 ግራም ረጭታችሁ 6 ግራም ብቻ ከቀረ 40 በመቶው ወለል ላይ ነው፤ የሚያስፈልገው 1 ግራም ለ0.6 ሲካፈል ወደ 1.7 ግራም ይደርሳል። ሁለተኛው ደረቁ ሕዋስ ሲረጥብ የሚሞተው ነው። የተዘጋጀው ፈሳሽ በላቦራቶሪ ሲቆጠር ግማሹ ብቻ ሕያው ሆኖ ከተገኘ 1.7 ግራሙ በሁለት ተባዝቶ 3.4 ግራም ይሆናል። በወረቀት 1 ግራም የነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። እርሾው «አልሠራም» ከሚባልባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ይህን ሒሳብ ያልሠሩ ናቸው።

ሚዛኑ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ይሁን። የወጥ ቤት ሚዛን 3.4 ግራምን 3 ወይም 4 ብሎ ያሳልፈዋል።

ውሃውና ማንቃቱ

ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ እርሾውን በደቂቃዎች ይገድለዋል። ውሃውን 15 ደቂቃ አፍልታችሁ፣ ከድናችሁ አቀዝቅዙ፤ በክሎሪን መለኪያ ወረቀትም ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ። ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ በኖ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በምትኩ ሌላ ነገር ሊኖርበት ስለሚችል እሱም ይፈላ።

በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ 8.5 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው አሟሙ። ንጹሕ ውሃ ብቻውን የደረቁን ሕዋስ ያስጨንቃል፤ ይህ መጠን ይይዘዋል። ፔፕቶን (ላቦራቶሪ ባክቴሪያ የሚመግብበት የተፈጨ ፕሮቲን) ካላችሁ 1 ግራም ጨምሩበት። ሙቀቱ 20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ዱቄቱን በትኑበት፤ በጸዳ ማንኪያ ለአንድ ደቂቃ በዝግታ አማስሉ፤ 20 ደቂቃ አቆዩት። ለማፍጠን ብሎ ሙቅ ውሃ መጨመር የለም። ከከረጢቱ ከወጣ በኋላ ዱቄቱ እርጥበት ይስባልና በዝናብ ወቅት ከፍሪዘር አውጥቶ አፉን ክፍት ማስቀመጥ ግማሹን መጣል ነው። ከረጢቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፈት ይቆይ፤ አለዚያ ጠል ይወርድበታል።

ዝግጁ የሆነው ፈሳሽ በበረዶ ውስጥ ተቀምጦ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

መርጨት

ሥጋው ቀድሞ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይድረስ። የሚለካውም ከወፍራሙ የደረት መሐል እንጂ ከቆዳው አይደለም። የማቀዝቀዣ ውሃችሁ ክሎሪን ወይም ፐርአሴቲክ አሲድ የተባለው ጀርም ማጥፊያ ካለበት ሥጋው ወጥቶ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ፤ የመጨረሻው ጠብታ በመለኪያ ወረቀት ይፈተሽ። አሲዱና እርሾው በአንድ ደቂቃ ልዩነት ከተገናኙ የከፈላችሁበትን ባክቴሪያ ራሳችሁ ገደላችሁት ማለት ነው።

መርጫው ለምግብ የተሠራ፣ አዲስና ጸረ ተባይ ነክቶት የማያውቅ ይሁን። ጠብታው እንደ ጉም አይድቀቅ፤ ጉም አየር ላይ ይቀራል፣ ሠራተኛውም ይተነፍሰዋል። ማስክ ይደረግ። ርቀቱ 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሥጋው አንድ ጊዜ ይገለበጣል። በየአምስት ደቂቃው መርጫውን ነቅንቁ፤ ሕዋሱ ይዘቅጣል፤ ካልተነቀነቀ የመጀመሪያው ሳጥን ውሃ፣ የመጨረሻው ወፍራም እርሾ ያገኛል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቀን እርሾ በሌለው ውሃ ላይ የምግብ ቀለም ጨምራችሁ በአምስት ሙሉ ዶሮ ላይ እርጩ። ሰማያዊው ጥሩ ነው። ደረቱ ሰማያዊ ሆኖ የክንፉ ብብት፣ የጭኑ መጋጠሚያና የአንገቱ ቆዳ እጥፋት ነጭ ሆነው ታገኛላችሁ። ባክቴሪያ የሚበዛውም እዚያው ነው። በተጨማሪ ላባው የተነቀለበት ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ ጋ ምንም ርጭት አይደርስም፤ ስለዚህ ቆዳ ያለው ሙሉ ዶሮ ላይ የሚገኘው ውጤት ቆዳው በተገፈፈ ደረት ላይ ካለው ሁልጊዜ ያንሳል።

ከርጭት እስከ ማሸግ ከ15 ደቂቃ አይብለጥ። በቫኪዩም ካሸጋችሁ እርሾው ይመቸዋል፤ ኦክስጅን የሚፈልጉት ሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችም ይዳከማሉ። ነገር ግን ቦቱሊነም የተባለው ገዳይ መርዝ የሚያመርት ባክቴሪያ አየር በሌለበት ቦታ ከ3 ዲግሪ ጀምሮ ሊያድግ ይችላልና የቫኪዩም ጥሬ ዶሮ እርሾ አለው ተብሎ ከ10 ቀን በላይ አይቆይም።

የበሰለና የተቆራረጠ ዶሮ

መሐሉ 74 ዲግሪ ከደረሰ ሊስቴሪያው ሞቷል። ተመልሶ የሚመጣው ከመቁረጫ ማሽኑ፣ ከጓንቱ፣ ከቀዝቃዛው ክፍል ወለል ነው። ያኔ ሥጋው ባዶ ነው፤ ማንም የሌለበት መሶብ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይወርሰዋል። እርሾውም ከጥሬው ይልቅ እዚህ ይሻላል።

ሥጋው ከ54 ወደ 27 ዲግሪ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ወደ 4 ዲግሪ በ5 ሰዓት ውስጥ ይውረድ። ከቀዘቀዘ በኋላ ይቆረጥ፤ ቁርጥራጩ በቀጥታ ከምላጩ ሲወርድ ይረጭ። ተደራርቦ ከተኛ በኋላ የሚረጨው የላይኛውን ብቻ ያርሳል። በግራም 10 ሚሊዮን ሕዋስ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። ስኳር ያለበት ማጣፈጫ ከተጠቀማችሁ መጠኑን ልብ በሉ፤ 0.5 በመቶ ስኳር እንኳን በአንድ ሳምንት ጣዕሙን ወደ ኮምጣጣ ይወስደዋል።

መሥራቱን ማረጋገጥ

በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ወደ ማረጃው አምጥቶ መሞከር አይታሰብም፤ ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። እናንተ የምታደርጉት ሦስት ክምር ማዘጋጀት ነው፦ እርሾ የተረጨ፣ ያው የጨው ውሃ ብቻ የተረጨ፣ ምንም ያልነካው። መሐለኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ነገር ግን ውሃው ራሱ ባክቴሪያ ስለሚያሠራጭ ያለ እሱ ውጤቱን ማንበብ አይቻልም። ግማሹ በ4 ዲግሪ፣ ግማሹ በ8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ 8 ዲግሪ የሱቅ ፍሪጅ እውነተኛ ሙቀት ነው። በ0፣ በ3፣ በ6 እና በ9ኛው ቀን ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ማሸጊያ ይከፈት።

ላቦራቶሪው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያን በኤም አር ኤስ አጋር (ለእነሱ በተዘጋጀው ማሳደጊያ)፣ በ25 እስከ 30 ዲግሪ እንዲቆጥር ንገሩት። በልማድ 37 ዲግሪ ላይ ከቆጠረው ቅዝቃዜ የለመደው ሳኬይ አንሶ ይታይና እርሾው የሞተ ይመስላችኋል። ፒኤችም (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ይለካ። ጥሬ የደረት ሥጋ ሲጀምር 5.7 እስከ 5.9፣ ጭን ደግሞ 6.2 እስከ 6.5 አካባቢ ነው፤ ጭኑ ቶሎ የሚበላሸውም ለዚህ ነው። በጥሬ ሥጋ ላይ ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ፒኤቹ ብዙ አይወርድም። አለመውረዱ እርሾው አልሠራም ማለት አይደለም።

ሳልሞኔላ በ25 ግራም ውስጥ አለ ወይም የለም ተብሎ ይፈተሻል። በሚበላ የበሰለ ዶሮ ላይ የአውሮፓ ሕብረት ለሊስቴሪያ የሚፈቅደው ጣሪያ፣ አምራቹ በመደርደሪያ ዕድሜው ሁሉ እንደማይታለፍ ካረጋገጠ፣ በግራም 100 ነው፤ ካላረጋገጠ በ25 ግራም ውስጥ መገኘት የለበትም።

ሲበላሽ ምን ይመስላል?

ማሸጊያው እንደ ፊኛ ካበጠ እንደ ሊዩኮኖስቶክ ያለ ጋዝ አምራች ባክቴሪያ አለ፤ የገዛችሁት እሱ ካልሆነ ከፋብሪካው የመጣ እንግዳ ነው። በጣት ሲነካ የሚሳብ ዝልግልግ ካለ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ያለበት ማጣፈጫ ነው። ሥጋው ሲከፈት አረንጓዴ ከመታ አንዳንድ ላክቲክ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አየር ሲያገኝ ቀለሙን ነክቶታል፤ ዝርያውን ቀይሩ። ከ5 ቀን በፊት የሚኮመጥጥ ከሆነ ልኩ በዝቷል ወይም ማቀዝቀዣው ሰነፍ ነው፤ ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ ተጠራጠሩ። እርሾ በተረጨውና የጨው ውሃ ብቻ በተረጨው ክምር መካከል ልዩነት ከጠፋ ደግሞ ክሎሪኑን፣ ቀጥሎ የዱቄቱን ዕድሜ አጣሩ።

እርባታው ጋ

በመፈልፈያ ማሽን የወጣ ጫጩት እናት የለውም። የሀገር ዶሮ ታቅፋ የፈለፈለችው ጫጩት ከእናቱ ኩስና ላባ ጠቃሚ ባክቴሪያ ይወርሳል፤ የማሽኑ ግን ባዶ አንጀት ይዞ ይወጣል፤ የሚገኘውን ሁሉ ይቀበላል። ፊንላንዳውያኑ ኑርሚና ራንታላ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ሥራ ይህንኑ ነበር ያሳየው፤ የጤነኛ አዋቂ ዶሮ የአንጀት ባክቴሪያ በመጀመሪያው ቀን የተሰጠው ጫጩት ሳልሞኔላን ይቋቋማል። መነሻውም በ1971 ሀገራቸውን የመታው በሥጋ ዶሮ የተዛመተ ሳልሞኔላ ነበር። ከዚህ ተነሥታችሁ ግን የራሳችሁን ዶሮ ኩስ በውሃ በጥብጣችሁ አትስጡ፤ ኮክሲዲያና የዶሮ ታይፎይድ አብረው ይገባሉ። የተፈተሸ የተዘጋጀ ምርት ግዙ።

ጊዜው ሁሉም ነገር ነው። በሳጥን ውስጥ እንዳሉ ከመኖና ከውሃ በፊት ይረጩ፤ በሦስተኛው ቀን የሚሰጠው ቦታው ከተያዘ በኋላ የሚደርስ ነው። በመጠጥ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን ከ24 ሰዓት በፊት አቁሙ፤ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ጨምሩ፤ የቀረውን ክሎሪን ያስራል። አንቲባዮቲክ በመጀመሪያው ሳምንት ከተሰጠ የሰጣችሁትን ያጠፋዋል። በመኖ ውስጥ መስጠት ከፈለጋችሁና መኖው በ80 ዲግሪ እንክብል የሚሆን ከሆነ ላክቶባሲለስ አይተርፍም፤ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የተኛ ሕዋስ) የሚሠራው ባሲለስ ሰብቲሊስ ይተርፋል። ከእርድ 8 እስከ 12 ሰዓት በፊት መኖ ይቁም፤ ውሃው ግን አይቁም። ከዚያ በታች ከሆነ አንጀቱ ሞልቶ በእርዱ ላይ ይፈነዳል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ ጉዝጓዙን መልቀም ይጀምራሉ፣ አንጀቱም ይሳሳል።

ሥራው ሲያልቅ

በመርጫው ውስጥ የተረፈው ፈሳሽ ለነገ አይቀመጥም፤ በሌሊት ያደገው እርሾው ብቻ ለመሆኑ ማንም ዋስ አይሆንም። መርጫውን ፈታቱ፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ በ200 ፒፒኤም (በሊትር 200 ሚሊ ግራም) ክሎሪን 10 ደቂቃ አቆዩ፤ ከዚያ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። ሁለተኛው አለቃለቅ የሚዘለለው ብዙ ጊዜ ሥራ በተጣደፈበት ቀን ነው፤ በማግሥቱ ጠዋት የሚሞላው እርሾ ቱቦው ውስጥ ከቀረው ክሎሪን ጋር ይገናኛል። የጠዋቱ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ጠብታ በመለኪያ ወረቀት ነክቶ ውጤቱን ከእርሾው መለያ ቁጥር፣ ከግራሙና ከሥጋው ሙቀት ጋር በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።